ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም ወይስ ፌስቡክ? ራስን ለማሳደግ የትኛው ለምን ይሆናል

የወሎ ወጣት ስልክ ውስጥ ቲክቶክም፣ ቴሌግራምም፣ ዩቲዩብም፣ ፌስቡክም አይጠፋም። ጠዋት ሲነሳ አንድ ቀስቃሽ ንግግር ይሰማል። ልቡ ይሞቃል፣ "በቃ ከዛሬ ጀምሮ" ይላል። ማታ ላይ ዳታውም አልቋል፣ ቀኑም መሽቷል፣ የተጀመረ ነገር ግን የለም። ይህን ያየ ትልቅ ሰው "ሰነፍ ትውልድ" ይላል፤ እኔ አልስማማም። ልጁ ፍላጎቱ አለው። ችግሩ የገባበት ቦታ ለፈለገው ነገር አለመሆኑ ነው። ሙያ ፈልጎ ቲክቶክ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራ ፈልጎ ማነቃቂያ ይሰማል።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የቸኮለ ሰው ይህን ይዞ ይሂድ። ሙያ ለመማር ዩቲዩብ። የተማሩትን ለማስቀመጥና ኔትወርክ ሲጠፋም ለማጥናት ቴሌግራም። ሐሳብ ለመቃረም፣ "ለካ ይህም ይሠራል!" ለማለት ቲክቶክ፣ እሱም በሰዓት ተገድቦ። የአካባቢ ሰውና ገበያ ለማግኘት ፌስቡክ። ዲግሪ ይዞ ሥራ ለሚፈልግ ሊንክድኢን። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቴሌግራምን እይዛለሁ።

በምን መዝኜ እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። አራት ነገር አያለሁ።

አንደኛው ዳታ ነው። ካርድ በየቀኑ የሚሞላ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይቀረኛል የሚለው ነው፣ ይህ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ መስመሩ ሁሉ ጠፋ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው ነበር፣ ያለ ቪፒኤን (ገደቡን የሚያልፍ መተግበሪያ) የሚገባ አልነበረም። እነሱ ተከፈቱ ሲባል በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠና ለብዙ ወራት ቆየ። ስለዚህ አንድ የወሎ ልጅ ሲመርጥ "ነገ ቢጠፋስ?" ብሎ መጠየቁ ልክ ነው።

ሦስተኛው፣ ነገ የሚቀጥል ነገር አለው ወይ? አንድ ትምህርት ጀምሬ ሁለተኛውን የት እንደማገኘው አውቃለሁ ወይ? አራተኛው፣ ያልገባኝን ብጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው አለ ወይ? የተከታይ ብዛትና የላይክ ብዛት መመዘኛዬ ውስጥ የሉም። ብዙ ሰው ያየው ነገር ለእኔ ይሆናል ማለት አይደለም።

ዩቲዩብ፦ ሙያ ለሚማር ሰው

ደሴ ሸዋበር አካባቢ አንዲት የማውቃት ልብስ ሰፊ አለች። ቀሚስም አባያም ትሰፋለች። ክንድ ስትገጥም ግን ትከሻው ላይ ይሸበሸብባት ነበር። ደንበኛ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ያ ሽብሽብ ይታያል፤ ፈትታ ትሰፋለች፣ እንደገና ይሸበሸባል። ምክንያቱን ያገኘችው ዩቲዩብ ላይ ነው። የክንዱ አናት ከብብቱ ክብ በትንሹ መርዘም አለበት፣ ግን ያ ትርፍ አንድ ቦታ መከማቸት የለበትም። አናቱ ላይ ሁለት መስመር የላላ ስፌት ታወርዳለች፣ ክሩን በቀስታ ትስባለች፣ ትርፉን ዙሪያውን እኩል ታከፋፍለዋለች፣ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ብቻ ማሽን። ቪዲዮው የውጭ ነው፣ ንግግሩ ብዙም አልገባትም፤ እጁን እያየች፣ እያቆመች፣ ወደኋላ እየመለሰች፣ በካኪ ወረቀት ላይ እየሣለች ተማረችው። ያን የመሰለ ነገር ቲክቶክ ላይ በአርባ ሰከንድ አይገኝም።

የዩቲዩብ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ረጅም ነው፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል። ጎበዝ አስተማሪ ደግሞ ቪዲዮዎቹን በተራ ደርድሮ ፕሌይሊስት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር ስትጀምሩ አንድ ቪዲዮ አትፈልጉ፣ ፕሌይሊስት ፈልጉ። ከአንድ እስከ ሃያ የተቆጠረ ትምህርት ካገኛችሁ አስተማሪው የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ጉዳቱ ዳታ ነው። እንደ ቪዲዮው ቢለያይም በ480ፒ የምስል ጥራት አንድ ሰዓት ብታዩ ከ300 እስከ 500 ሜጋባይት ሊሄድ ይችላል። በ144ፒ ግን ከ100 በታች ታልፋላችሁ። የእኔ ምክር፦ ሰውየው ሲያወራ 144 ላይ አድርጉት፣ እጁን ሥራው ላይ ሲያሳርፍ ከፍ አድርጉት። ጥራቱ በራሱ እንዲመርጥ አትተዉት፣ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ከፍ እያለ ጥቅላችሁን ይጨርሰዋል። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን ኦቶፕሌይ የሚለውን አጥፉት። ሌላም አለ፤ ያያችሁትን የሚመዘግበውን ሂስትሪ አጽድታችሁ ብታጠፉት የፊት ገጹ ላይ የሚደረደረው ቪዲዮ ይጠፋል፣ ባዶ ገጽና መፈለጊያ ሳጥን ብቻ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን የመጣችሁበትን ነገር ፈልጋችሁ ትወጣላችሁ፤ መሃል ላይ የማን ሰርግ፣ የማን ጭቅጭቅ የሚል አይመጣም።

ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ዩቲዩብ ደካማ ነው። በመተግበሪያው ያወረዳችሁት ቪዲዮ እዚያው ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ ለጓደኛ አይላክም፣ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘም አልከፍትም ይላል።

ቴሌግራም፦ ለምን አንደኛ አደረግኩት

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቤታችሁ ካለ መልሱን ታውቁታላችሁ። የድሮ ፈተና ወረቀት፣ ማጠቃለያ ኖት፣ የመምህር ድምፅ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፋይሉ አንዴ ከወረደ የእናንተ ነው። ወደ ሚሞሪ ካርድ ይወጣል፣ በዜንደር ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል፣ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይከፈታል። ዳታ በተቋረጠ ጊዜ ስልኩ ላይ አስቀድሞ ያከማቸ ተማሪና ምንም ያላወረደ ተማሪ እኩል አልነበሩም።

ዳታውን በቁጥር ልንገራችሁ። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ ለአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት አይሞላም። በአንድ ሰዓት የ480ፒ ቪዲዮ ዳታ አሥር ሰዓት ያህል የድምፅ ትምህርት ትሰማላችሁ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ የንግድ ምክር፣ የጤና ትምህርት ምስል አይፈልጉም። ታክሲ ውስጥ ከደሴ ሐረጎን እየወረዳችሁ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ አንድ ምዕራፍ ይሰማል። እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማለች፣ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው።

ቴሌግራም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይልካል። ቻናል አለ፣ ግሩፕ አለ። ቻናል የአንድ ሰው ንግግር ነው፣ እሱ ይለጥፋል እናንተ ታነባላችሁ። ግሩፕ ውይይት ነው። ለመማር ቻናል፣ ለመጠየቅ ትንሽ ግሩፕ። አንድ ግሩፕ እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል፣ እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱ ውስጥ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው ብዙ አላውቅም። ጥያቄያችሁ ሳይነበብ ከላይ ሃምሳ መልእክት ይጫንበታል።

ከጫናችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር፦ ሴቲንግ ውስጥ ዳታና ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱና በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። ይህን ሳያደርጉ "ቴሌግራም ዳታ ይበላል" የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ሴቭድ ሜሴጅን እንደ ደብተር ተጠቀሙበት። ከዩቲዩብ የተማራችሁትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ፣ ደብተራችሁን ፎቶ አንስታችሁ፣ ለራሳችሁ ላኩት። ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር በሌላ ስልክ ስትገቡ ይጠብቃችኋል።

አደጋው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ማንም ተነስቶ ቻናል ይከፍታል። በፈተና ሰሞን "የፈተናው መልስ እጃችን ገብቷል፣ ክፈሉ" የሚል ይፈላል። አትክፈሉ። እንዲህ ያለው ልጆቹን ሁለቱንም ያሳጣቸዋል፣ ገንዘቡም ይሄዳል፣ የሚያጠኑበት ሌሊትም ይሄዳል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር የሰማ ተማሪ መደንገጡ አይገርምም፣ ሌቦቹም የሚነግዱት በዚህ ድንጋጤ ነው። አብሽሩ፣ የድሮ ፈተና በነፃ ሞልቷል። እሱን ሠርቶ መጨረስ ይሻላል።

ቲክቶክ፦ ለመነሳሳት፣ በልክ

ቲክቶክን የሚያጥላላ ጽሑፍ አልጽፍም። አንድ የገጠር ልጅ፣ ትልቅ ከተማ ሳይሄድ፣ እንደ እሱ ያለ ልጅ ከወደቀ ብረት የጓሮ መጥረጊያ ማሽን ሲሠራ አይቶ "እኔስ?" ካለ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረም። ማሪቱ ለገሰ ያሳወቀችውን የአምባሰል ዜማ ዛሬ ማሲንቆ የሚማር የወልድያ ልጅ ቀድቶ ሲለጥፈው ደስ ይለኛል። መንዙማ የሚያንጎራጉሩ ልጆችም አሉ። ይህ መነሳሳት ነው፣ እውነተኛ ነው።

ግን አሠራሩን ማወቅ አለባችሁ። ፎር ዩ የሚባለው ገጽ የሚመርጥላችሁ በምትሉት ሳይሆን በምታደርጉት ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ ስንት ሰከንድ ቆያችሁ? ደግማችሁ አያችሁ? ላካችሁት? አስተያየት ጻፋችሁ? ይህን እያየ ያንኑ የመሰለ ያመጣል። ተናዳችሁ ብትሳደቡም ለእሱ "ወደደው" ማለት ነው። ለዚህ ነው አንዴ የብሔር ወይም የሃይማኖት ስድብ ውስጥ ገብታችሁ ከመለሳችሁ በማግስቱ ገጹ በሙሉ ስድብ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳዩ ወሎ ነውና። እኛ አገር ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ለቅሶ ድንኳን ይተክላል፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ሰርግ ይሯሯጣል፣ አንድ ቤት ውስጥ አሕመድና ተክሌ ወንድማማች ሆነው ያድጋሉ። ስልክ ላይ ግን የማያውቀን ሰው በስማችን ሲሰዳደብ እናያለን፣ ልጆቻችንም ያን እያዩ ያድጋሉ። ስለዚህ ራስን ማሳደግ ከሚባለው ውስጥ አንዱ እንዲህ ያለውን ሳይመልሱ በጣት ተጭኖ "ኖት ኢንተረስትድ" ማለት ነው። የባሰውን ሪፖርት ማድረግ። ሕግም አለ፣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚጽፈውንም የሚያሰራጨውንም ይመለከታል። "እኔ ሼር ነው ያደረግኩት" የሚል መከላከያ ላይሠራ ይችላል።

ገጹ አንዴ ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ ፎር ዩን እንደ አዲስ የሚያስጀምር ምርጫ አለ። ያን ተጭናችሁ በመጀመሪያው ቀን የምትፈልጉትን ብቻ ፈልጋችሁ እዩ፦ ልብስ ስፌት፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ዶሮ እርባታ። ቶሎ ይለምዳል። የሰዓት ገደብም አለው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 60 ደቂቃ ተብሎ አስቀድሞ ተቀምጧል። ለትልቅ ሰውም ቢሆን 60 ደቂቃ ይበዛል ባይ ነኝ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ጥሩ ነገር ካገኛችሁ እዚያው አትጨርሱት፣ ስሙን ይዛችሁ ዩቲዩብ ላይ ረጅሙን ፈልጉ።

ላይቭ ላይ ጊፍት የምትወረውሩ ልጆች ግን እባካችሁ። ያ ብር የአንድ ወር ዳታ ነው፣ ወይም የመርፌና የክር ዋጋ ነው።

ፌስቡክ፣ ሊንክድኢን፣ ኢንስታግራም

ፌስቡክ "የሽማግሌ ነው" ይባላል። ይሁን፣ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ነገር አለ። ድሮ ያስተማራችሁ መምህር፣ የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ሱቅ ያለው አጎት፣ ውጭ አገር ያለ የሰፈር ልጅ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ለመጠየቅና ለመሸጥ ከአራቱ የሚሻለው እሱ ነው። ሐይቅ አካባቢ ዶሮ የሚያረባ ሰው ፈንግል ገባብኝ ብሎ ግሩፕ ላይ ቢጽፍ በግማሽ ሰዓት አሥር መልስ ያገኛል። የመድኃኒት መጠን ግን ከአስተያየት መስጫ አይወሰድም። ክትባቱ አስቀድሞ የሚሰጥ ነው፣ ለዚያ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ግሩፑ የሚጠቅመው ማን ጋር መሄድ እንዳለባችሁ ለማወቅና ጫጩት የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ነው።

ፌስቡክ ላይ ዘመድ ያስቸግራል። ቀኑን ሙሉ የሚያስፈራ ወሬ የሚለጥፍ አጎት አለ፣ ከጓደኝነት ብታወጡት ደግሞ በዒድ ወይም በፋሲካ ቤት ሲገናኙ ያኮርፋል። ጓደኝነቱ ሳይነካ የሚለጥፈው እንዳይመጣባችሁ አንፎሎው ማድረግ ይቻላል። ለ30 ቀን ብቻ ዝም የሚያሰኝም አለ። አጎትየው አያውቅም፣ እናንተም ታርፋላችሁ።

ሊንክድኢን ለሁሉም አይሆንም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ፣ በሙያችሁ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ክፈቱት። የተማራችሁትን ብቻ ሳይሆን የሠራችሁትን ጻፉ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ምን ነበር? ምን ችግር ፈታ? ኮምቦልቻ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ የተማረ ልጅ የሠራውን ነገር ፎቶ ከነማብራሪያው ማስቀመጡ "ታታሪና ቅን ሠራተኛ ነኝ" ከማለት ይሻላል። በሳምንት አንዴ መክፈት ይበቃዋል።

ኢንስታግራም ለፎቶ አንሺ፣ ለዲዛይነር፣ ላሊበላ ላይ እንግዳ ለሚያስጎበኝ ሰው ጥሩ ነው። ለሌላው አስፈላጊነቱ አይታየኝም።

አነቃቂውን፣ ባለሙያውን ወይስ አንድ እርምጃ የቀደመውን?

መተግበሪያው ከተመረጠ ቀጥሎ ማንን የሚለው ይመጣል፣ ይህ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ።

አነቃቂ ተናጋሪ አለ። ድምፁ ያምራል፣ ሙዚቃ ከኋላ አለ፣ "ተነሳ!" ይላል። ለተሰበረ ልብ መድኃኒት የሚሆንበት ቀን አለ። ቤቱ በጦርነት የተዘረፈበት፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ "አብሽር፣ ገና ነህ" የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፣ ይህን አቅልዬ አላየውም። ግን በየቀኑ ከሆነ መስማቱ ራሱ ሥራ የሠሩ ያህል ያስመስላል። ስለዚህ አንድ ይበቃል፣ እሱም በሳምንት አንዴ።

ባለሙያ አለ። ሐኪም ነው፣ መካኒክ ነው፣ የሒሳብ መምህር ነው። ብዙ ጊዜ ቪዲዮው አያምርም፣ ድምፁ ያስተጋባል፣ ተመልካቹም ጥቂት ነው። እሱን ያዙት። ወሎ ይህን ድሮ ታውቀዋለች። ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ኪታብ ሊቀራ ሲነሳ ቅርብ ያለውን ሸኽ ብቻ አያይም፣ ፊቅሁን (የሃይማኖት ሕጉን) የሚያውቀው የት ነው፣ ነሕዉን (የአረብኛ ሰዋስዉን) የሚያውቀው የት ነው ብሎ ዳና ወይም ገታ ይሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪውም ለቅኔ ዋድላን ይጠይቃል። በዚህ ዓይን ምረጡ፦ ይህ ሰው የቱን ትምህርት ነው አጥብቆ የሚያውቀው? ሁሉን አውቃለሁ የሚል፣ ዛሬ ስለ ትዳር ነገ ስለ ዶላር ከነገ ወዲያ ስለ ኩላሊት የሚያወራ ሰው ይቆይ።

ሦስተኛው አንድ እርምጃ የቀደማችሁ ሰው ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ኮምቦልቻ የአልሙኒየም በርና መስኮት መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ፣ የተበላሸበትንም የተሳካለትንም የሚለጥፍ፣ ገና ለሚጀምር ሰው ከሚሊየነር ይጠቅማል። ሚሊየነሩ መነሻውን ረስቶታል። ይህ ልጅ ግን የመጀመሪያውን መቁረጫ በስንት ገዛው፣ ከማን ተበደረ፣ የመጀመሪያዋን ደንበኛ እንዴት አገኘ፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ብትጽፉለትም ይመልሳል።

አንድን ሰው ለመቀጠል ወይም ለመተው ስትወስኑ ይህን እዩ። ሥራውን ያሳያል ወይስ መኪናውን? ስንት ጊዜና ስንት ብር እንደፈጀበት ይናገራል? ሲሳሳት ያርማል? ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በኋላ የሚሸጠው ነገር አለ? ደግሞም ካያችሁት በኋላ ያለው ስሜታችሁ። አይታችሁት ራሳችሁን ከጠላችሁ፣ ቤታችሁ ካስጠላችሁ፣ ምንም ያህል ታዋቂ ቢሆን ለእናንተ አይሆንም።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ለመጀመር አማርኛ፣ ለመጥለቅ እንግሊዝኛ። በአማርኛ የሥራ ፈጠራ፣ የጤና፣ የስነ ልቦና፣ የኮምፒውተር መግቢያ በደንብ ይገኛል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይሳሳል። ፕሮግራሚንግ መማር የጀመረ ልጅ አራተኛ አምስተኛው ትምህርት ላይ እንግሊዝኛውን መጋፈጡ አይቀርም። የሚያዋጣው ዘዴ፦ አንዱን ርዕስ መጀመሪያ በአማርኛ እዩት፣ ሐሳቡ ይግባችሁ፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ከታች ጽሑፉን እያነበባችሁ ድገሙት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ትማራላችሁ። ጉግል ትራንስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይችላል፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይረዳል፤ ለጤናና ለሕግ ጉዳይ ግን ብቻውን አትመኑት።

በነፃ ወይስ በክፍያ?

በነፃ ጀምሩ። ካን አካዳሚ ሒሳብና ሳይንስ ከታች ክፍል ጀምሮ በነፃ ያስተምራል። ፍሪኮድካምፕ ኮዲንግ በነፃ ያስተምራል። በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ትብብር በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ነው፣ ምዝገባው ክፍት መሆኑን አይታችሁ ግቡበት። እነዚህን ሳይጨርሱ ሦስት ሺህ ብር ከፍሎ "ሚስጥሩን" መግዛት አያስፈልግም።

ክፍያ የሚያዋጣው ሰው በአካል ወይም በቀጥታ ሥራችሁን አይቶ የሚያርም ከሆነ ነው። ልብስ ስፌትም ይሁን ቋንቋ፣ የሚያርም ሰው ዋጋ አለው። የተቀዳ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ግን ተመሳሳዩ በነፃ አለ።

"መጀመሪያ በቴሌብር አስገባ፣ ከዚያ ሰው ስታመጣ ኮሚሽን ታገኛለህ" የሚላችሁን ወንድማችሁም ቢሆን አትስሙት። እሱም ተታልሎ ሊሆን ይችላል። የቴሌብር ፒን የሚጠይቅ አስተማሪ የለም።

ለማን የቱ?

ወልድያ ወይም ላሊበላ ያላችሁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ቴሌግራም ዋናችሁ ይሁን። ሁለት ቻናል ይበቃል፣ የድሮ ፈተና የሚያስቀምጥ አንድ፣ የሚያብራራ መምህር ያለበት አንድ። ከባዱን ርዕስ ዩቲዩብ ላይ እዩ። ቲክቶክን እስከ ፈተናው አውጡት። ኔትወርክ ያለበትን ቀን ለማውረድ፣ የሌለበትን ለማጥናት ተጠቀሙበት። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው ብላችሁ ግን እስከ ንጋት አትቀመጡ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ትተኛላችሁ።

ሙያ ላይ ያላችሁ፣ ሰፊ፣ ጸጉር ሠሪ፣ መካኒክ፣ እንጨት ሠሪ፦ ዩቲዩብ ለመማር፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ሥራችሁን ለማሳየት። የሠራችሁትን አንድ ነገር በሳምንት አንዴ ለጥፉ፣ ዋጋውንና ስልካችሁን ጻፉ። "ኢንቦክስ" አትበሉ፣ ገዢ ይሰለቻል።

ቤት ውስጥ ልጅ የያዛችሁ እናቶች፣ እጃችሁ ባዶ የማይሆን፦ ድምፅ። ቴሌግራም ላይ አንድ ተከታታይ ትምህርት መርጣችሁ በአቦልና በቶና መካከል አንድ ክፍል ስሙ። ጎረቤት ካለች አብራችሁ፣ የምትከራከሩበት ነገር ታገኛላችሁ፣ ያ ደግሞ ከመስማቱ ይበልጣል።

ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ፦ ሊንክድኢንና የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ለጠዋት፣ አንድ የዩቲዩብ ፕሌይሊስት ለከሰዓት። ማነቃቂያ ለዓርብ ማታ።

አራተኛው መመዘኛ፣ የሚመልስ ሰው፣ በየትኛውም መተግበሪያ በራሱ አይመጣም። መሥራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። አንድ ነገር የሚማሩ አምስት ስድስት ጓደኞች ፈልጉና ቴሌግራም ላይ ዝግ ግሩፕ ክፈቱ። ደንቡ አንድ ይሁን፦ እሁድ ማታ እያንዳንዱ በሳምንቱ የሠራውን ነገር ፎቶ ወይም ድምፅ ይልካል። የሰው ቪዲዮ መለጠፍ አይፈቀድም፣ የራስ ሥራ ብቻ። ያልሠራ "አልሠራሁም" ይላል፣ ማንም አይወቅሰውም፣ ምን እንደያዘው ግን ይጠየቃል። ከአሥር ሰው በላይ አታስገቡ፣ ሲበዛ ዝም የሚለው ይበዛል።